የካኒሻይ ሰባት አባቶች

ምንጣፍ ለመሥራት ሱፉን በሙቅ ውሃ እያራስን በክንዳችን ስናንከባልል የካኒሻይን ጉልበት የሚስተካከል በናሪን ሰፈራችን አልነበረም። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የኤርመክ ሚስት ናት። ልጇ ዳዴ ማለት ሲጀምር ጉሮሮዋን አመማት፤ ተከትሎ ትኩሳት መጣ፤ የእጅ አንጓዋና ጉልበቷ አበጠ።

ትኩሳቱ ሰዓት ያውቅ ነበር። ላሞቹ ከግጦሽ ሲመለሱ ይነሳል፤ ደረቷ ላይ ቀላ ያለ ሽፍታ ይወጣል፤ ጠዋት ሁለቱም የሉም። አማታችን ዙራካን ይህን አይታ ፈረደች። በሌለችበትም አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ አይወጣልኝም።

«ላም ሲታለብ የሚመጣ፣ ቁርስ ሲቀርብ የሚሄድ በሽታ። እንዲህ ያለ ብልህ በሽታ ለእኔም በሰጠኝ» ትላለች፣ ጎረቤት እየሰማ።

ደሜ ይፈላ ነበር። የወረዳው ሐኪም የሚያያት ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደግሞ ምን ይታያል? ደህና ነሽ ብሎ መለሳት።

እጇ የሻይ ሲኒ ማንሳት ሲያቅተው ዙራካን ፍርዷን ለወጠች። በአራስነቷ በወንዝ ውሃ ጨርቅ አጥባ ብርድ ገብቷታል ተባለ። በግ ታርዶ በትኩስ ቆዳው ጠቀለሏት፤ ትኩሳቱ ግን ባሰባት። ያን ጨርቅ እጠቢ ብላ የላከቻት ማን ሆነና።

ኤርመክን ያዝኩት። «ወይ ዋና ከተማ ቢሽኬክ ውሰዳት፣ ወይ እኔው እወስዳታለሁ፤ አንተ ቁጭ ብለህ ላም እለብ» አልኩት። ሦስታችንም ሄድን። እዚያ ያለችው ሐኪም አስተኝታ እስኪመሽ ጠበቀች፤ ትኩሳቱንም ሽፍታውንም በዓይኗ አየች። ደሟን መርምራ አዋቂን አልፎ አልፎ የሚይዝ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው አለችን፤ መድኃኒትም ጀመረችላት።

«ከምን መጣ?» አልኳት።

«በእርግጥ አናውቅም። ምናልባት አብሯት የተወለደ ዝንባሌ ይኖራል፤ ጉሮሮዋን ያመማት ነገር ቀስቅሶት ይሆናል። እሷ ያጠፋችው ነገር የለም።»

ኤርመክ አፉ አያርፍም፤ ቤት እንደገባ ሁሉንም ዘረገፈው። ዙራካን ከዚያ ሁሉ አንዷን ነገር ያዘች።

«አብሯት የተወለደ ከሆነ በደሟ ነው። ወደ አባቷ ቤት ትመለስ፤ ልጁ የእኛ ነው፣ እዚሁ ያድጋል» አለች። ወደ ካኒሻይ ዞረች። «ሰባት አባቶችሽን ቁጠሪ። የትኛው ነበር ሽባው?»

እኛ ዘንድ ሰባት አባቶቹን፣ ከወላጅ አባቱ ጀምሮ ወደ ላይ ሰባት ትውልድ፣ ሕፃን እንኳ ይቆጥራል። ካኒሻይ ልጇን ለእኔ ሰጥታ ጣቶቿን እያጠፈች ጀመረች። «ካድርቤክ፣ ሻርሼን፣ ኦስሞን...» ጣቶቿ አልታጠፍ ሲሏት በሌላው እጇ ትጫናቸዋለች። ባይቴሬክ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እማማ፣ ባይቴሬክ የእርስዎ አያት አይደሉም?»

ናቸው እንጂ። ለኤርመክ ከወገኔ ጥሩ ልጅ መረጥኩ ብላ ስትፎክር የኖረችው ራሷ ዙራካን ናት።

ሳቄ መጣ፤ የንዴት ሳቅ። «ታዲያ ምን ይሻላል እማማ? እርስዎም ከእሷ ጋር ወደ አባትዎ ቤት ይሂዱ እንጂ» አልኳት።

ሻሿን አጥብቃ፣ የወተት ባልዲውን አንስታ ወጣች። ስለ መሄድ ዳግመኛ አልተነሳም። ካኒሻይ ከልጇ ጋር ቀረች፤ መድኃኒቱም እብጠቱን እያጎደለላት ነው። ይቅርታ ያላት ግን የለም።

ከሰሞኑ አንዲት ጎረቤት ምራትሽን ምን ነክቷት ነው ብላ ስትጠይቃት በመስኮት ሰማሁ።

«ምን ይሆናል» አለች ዙራካን፣ «በአራስነቷ ቀዝቃዛ ውሃ ነክታ ነው እኮ።»