የዘሃራ ትሪ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ የአሻ ልጅ ነበረች። «እማዬ ምግብ ከዘጋት ሰንብቷል፤ ዛሬ ግን ማህሺ አማረኝ አለች። ካንቺ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?» አለችኝ። መንገድ መሃል ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። አንድ ባለ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ «እናቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና ነኝ ልጄ፤ አንዳንድ ሳቅ እስኪወጣ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ወደ ገበያ ተመለስኩና ጥቅል ጎመን መረጥኩ። በጣም ጠበቅ ያለው አይሆንም፤ ቅጠሉ ሲላቀቅ ይቀደዳል። ላላ ብሎ ቅጠሉ ሰፋ ያለውን ነው የምትወስዱት። ማህሺ ለማታውቁ፣ የጎመን ቅጠል ሩዝና የተፈጨ ሥጋ ተሞልቶበት፣ እንደ አውራ ጣት ተጠቅልሎ፣ በቲማቲምና በሎሚ መረቅ ቀስ ብሎ የሚበስል ምግብ ነው። ከሱዳን በኩል ነው ወደ አሶሳ የገባልን። እኔ ቤት የሚሠራው ዝናቡ ሲጠና ነው። ልጆቼ ረጥበው ከየሥራቸው ይገባሉ፣ ድስቱ ከሰል ላይ ፍክፍክ ይላል፣ ትሪው ዙሪያ እንሰበሰባለን፤ ያን ማታ ማንም በማንም ላይ አያጉረመርምም። የልጄ ሚስት «ይሄ የእርቅ ምግብ ነው» ትላለች። አላረምኳትም። እኔ ግን የማውቀው ከጠብ ጋር ነው።

ያኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። አባቴ ሞቷል። እናቴ ዘሃራ ሱዳን፣ ደማዚን ከተማ ውስጥ በአንድ ነጋዴ ቤት ለዓመታት ወጥ ቤት ሆና ሠርታ፣ ማህሺን እዚያ ተምራ፣ እኔን ይዛ ወደ አሶሳ ተመለሰች። የተጠጋነው የአባቴ እህት አሻ ግቢ ውስጥ፣ ከማድ ቤቱ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ነው። የአባትን እህት በእኛ ቤት «አምቲ» ነው የምንላት። አምቲ አሻ ቁመቷ ረጅም፣ ድምጿ ከቁመቷ የሚረዝም፣ እንግዳ የምትወድ ሴት ነበረች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ዘሃራ፣ ነይማ!» ትላለች። እናቴ ትሠራለች፤ አምቲ ትመሰገናለች። እኛ ድስቱ ሥር የቀረውን ማድ ቤት ውስጥ እንበላለን።

እስከዚህ ድረስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት አንድ ቀን የተባለውን ነው።

የአምቲ ባል ጓደኞች፣ ከኩርሙክ የመጡ ነጋዴዎች፣ ቤት ውስጥ በልተው ጠግበዋል። እናቴ ለእጃቸው ውሃ ታፈሳለች፣ እኔ ሳፋውን ይዣለሁ። ከመካከላቸው ትልቁ ሽማግሌ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ እጃቸውን እየታጠቡ «ይህን ማህሺ የሠራችው ማን ናት? ደማዚንም እንዲህ አልበላሁ» አሉ።

አምቲ አሻ ከበሩ ላይ ሆና «ማን ይሆናል፣ እኔ ነኝ እንጂ! ዘሃራማ ገንፎ እንኳ ብታገነፋ ይጓጉልባታል» አለች።

ሁሉም ሳቁ። እናንተ ምናልባት ይህ ቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል። በእኛ አገር ግን ሴት ልጅ ማማሰያ እንደጨበጠች የምትማረው የማሽላ ገንፎ ነው። ገንፎሽ ይጓጉላል የተባለች ሴት ሴት አይደለሽም ተብላለች። እናቴ ማንቆርቆሪያዋን አዘነበለች። ሽማግሌውን አስታጠበች፣ ቀጣዩን አስታጠበች፣ ጨረሰች። ክፍላችን ስንገባ ተቀምጣ ለውዝ መፈልፈል ጀመረች።

«እማ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጣሪያው የማን ነው?» አለችኝ፤ ቀና ሳትል።

ያን ቀን ቂም ያዝኩ። ውሃ ስቀዳ አብሮኝ ይወርዳል፣ እንጨት ስለቅም አብሮኝ ይጎነበሳል። ደግሞ ቂም ለወጣት ሰው ያምርበታል ልበላችሁ? ፊቴ ሁሉ ጠርቶ ነበር። አምቲን «እሺ፣ እሺ» እላታለሁ፤ በልቤ ግን ቀኗን እጠብቃለሁ።

ቀኗ በረመዳን መጣ። በእኛ ሰፈር በረመዳን ወንዶቹ የሚያፈጥሩት ደጅ፣ መንገድ ዳር ነው። ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ከየቤቱ ትሪ ይወጣል፣ መንገደኛ ቢያልፍ እንኳ ተይዞ ይቀመጣል። ትሪው ሲቀመጥ «ይሄ የእገሌ ቤት ነው» ይባላል፤ በአባወራው ስም። አባወራ የሌለበት ቤት ትሪ አያወጣም። ሴቶቹ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ ሆነን በቀዳዳ እናያለን፤ የማን ትሪ ቶሎ ተራቆተ፣ የማን ሳይነካ ተመለሰ። ያ አጥር ስንቱን ሴት አኩርቷል፣ ስንቱን አስለቅሷል!

እነዚያው የኩርሙክ ነጋዴዎች ለጥቂት ቀናት ሊቆዩ መጡ። አምቲ ለጎረቤቱ ሁሉ «ማህሺዬን ናፍቀው ነው» ብላ አስወራች። እንግዶቹ በሚያፈጥሩበት ቀን ጠዋት ደግሞ ከባምባሲ የእናቴ እህት ታማለች የሚል ወሬ ደረሰን። እናቴ መሄድ ፈለገች፣ አምቲን ፈራች፤ ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች።

«ሂጂ እማ» አልኳት። «ማህሺውን የምትሠራው አምቲ አይደለች? ራሷ ናት ያለችው።»

እናቴ ረዘም አድርጋ አየችኝ። ከዚያ እንደ ነጠላ የምትለብሰውን ቶቧን ተጠቀለለችና በጭነት መኪና ወደ ባምባሲ ሄደች።

አምቲ ስትሰማ ማድ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ድምጿን አለሰለሰች። «አንቺ አለሽ አይደል የኔ ልጅ? የእናትሽ እጅ አንቺም ጋ አለ።»

«እኔ? ገንፎም የሚጓጉልባት እናት ምን ልታስተምረኝ?» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ቶሎ ብዬ «ግን አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እሠራለሁ። ያዘዝሽኝን አንድም አላጎድል» አልኩ።

ምን ታድርግ? አላውቅም አትል ነገር! የአገሩን ሁሉ ማህሺ የሠራችው እሷ ናት።

«ቅጠሉን ገንጥዪ» አለች። ጎመኑ እምብርቱ ወጥቶ፣ ሙሉውን ፈልቶ በሚንፈቀፈቅ ውሃ ውስጥ ካልገባ ቅጠሉ እንደማይታጠፍ አውቃለሁ። «እሺ አምቲ» ብዬ ጥሬውን ገነጠልኩ። ሲጠቀለል ቀጭ ቀጭ እያለ ተሰበረ። «ሩዙን ቀቅዪ» አለች። ሩዙ ጥሬውን ታጥቦ ነው የሚገባው፤ መረቁን እዚያው ይጠጣል። «እሺ አምቲ» ብዬ እስኪፈነዳ ቀቀልኩ። እናቴ በጥቅሎቹ ላይ ሳህን ደፍታ፣ በሳህኑ ላይ ድንጋይ ታስቀምጣለች፤ እንዳይንሳፈፉ። አምቲ ስለ ሳህኑ አልተናገረችም፤ እኔም አላስታወስኳትም። ውሃው በዛ ስል «ጨምሪ» አለች። ጨመርኩ።

ጨው ላይ ስትደርስ ቆመች። ጾም ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ ምላስ ላይ ማስነካት እንኳ አይታሰብም። እናቴ በእንፋሎቱ ሽታ ታውቀው ነበር። አምቲ ድስቱ ላይ አጎንብሳ አሸተተች፤ ምንም አልነገራትም።

«እናትሽ ስንት ነው የምትጨምረው?» አለችኝ፤ ቀስ ብላ።

«አምቲ ደግሞ! የእናቴን ምን አስጠየቀሽ?»

ጨበጠችና ጨመረች። አሰበች። ደግማ ጨበጠች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሰማዩ ከብዶ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የአፈሩን ሽታ ሊያመጣልን ደርሶ ነበር። ወንዶቹ በቴምርና በቀዩ መጠጥ፣ በከርከዴ፣ አፈጠሩ፣ ሰገዱ፣ ተቀመጡ። ማህሺ ድስቱ ትሪ ላይ ሲገለበጥ ጥቅሎቹ ተደርድረው እንደ ቆብ ይቆማሉ፤ ውበቱ እሱ ነው። አምቲም «እንግዶቹ ፊት ገልብጠው» ብላ ለባሏ ድስቱን ሰጠችው። ባሏ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ኮራ ብሎ ገለበጠው።

ተዘረገፈ። ትሪውን ሞልቶ ወደ ምንጣፉ ሊወርድ ሲል በእጃቸው ገደቡት።

ሽማግሌው ጨዋ ሰው ነበሩ። በጣታቸው ጠንቆል አድርገው ቀመሱና «ማሻአላህ፣ ገንፎው ለስልሷል። ጎመን ገብቶበት ነው?» አሉ። ከዚያ ጨዉ ደረሰባቸው። የከርከዴው ማሰሮ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እዚያው ባዶ ሆነ። የጎረቤት ትሪዎች ሲራቆቱ የአምቲ ትሪ እንደ ሞላ ተመለሰ።

ከአጥሩ ጀርባ አምቲ ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ እባብ! እያወቅሽ ነው!»

«ምኑን ነው የማውቀው? ያዘዝሽኝን ነው የሠራሁት።»

እናቴ በማግሥቱ ከሰዓት እግሯ እስከ ጉልበቷ በቀይ ጭቃ ተለውሶ ተመለሰች። እህቷ ተሽሏት የፍየል ታፋ አስይዛ ሸኝታታለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ድምፃቸውን ሁሉ እያስመሰልኩ።

«ጨውስ?» አለች።

«ሁለት ጭብጥ!»

ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። «አልበቃኝም» አለች።

«እንዴ እማ?»

«እሷ አለመቻሏ ታወቀ። እኔ መቻሌ መች ታወቀ?»

ተነሣች። የተረፈውን ጎመን አወጣች፤ የፍየሉን ሥጋ ከተፈች። ምድጃዋን ግን ማድ ቤት አልተከለችም፤ በሩ አጠገብ ካለው ማንጎ ሥር፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት ቦታ ነው። እምብርቱን ስታወጣ፣ ቅጠሉን ስትነክር፣ ሳህን ደፍታ ድንጋይ ስትጭንበት የሰፈሩ ሴት እየቆመች አየች። አምቲ አሻ ወጥታ «ይሄን የት ልታደርሺው ነው? ትሪው እንደሆነ የኛ ነው» አለቻት።

«ትሪ አለኝ» አለች እናቴ። ከደማዚን ያመጣችውን፣ ቀይ ጽጌረዳ የተሳለበትን ትሪ አውጥታ ጠረገች።

ሲደርስ የመጀመሪያውን ሳህን ሞልታ ሰጠችኝ። «ለአሻ ውሰጂላት» አለች። በረመዳን የተላከ ምግብ አይመለስም፤ ነውር ነው። አምቲ አጥሩ ጀርባ ቆማ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ እጇ ከበዳት።

ከዚያ እናቴ ትሪውን አነሣችና በአጥሩ በር ወጣች። ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ናቸው። ዞረው አዩዋት። ጎንበስ ብላ መሃላቸው አስቀመጠችው። «ይሄ የዘሃራ ቤት ነው» አለች።

አንዱ «ሴትዮ፣ ትሪ የሚያወጣልሽ ወንድ የለሽም?» አላት።

«ወንዴ አፈር ውስጥ ነው» አለች። «ድስቴ ግን እሳት ላይ ነው።»

የአጥሩ ቀዳዳ ላይ ተለጠፍኩ። መልሰሽ ውሰጂ ቢሏት በማግሥቱ ከዚያ ግቢ መውጣታችን አይቀርም፤ የምንሄድበት ደግሞ አልነበረንም። ቀይ ጢሙ ሽማግሌ ትሪውን ሳቡና «ቢስሚላህ» ብለው አንድ ጎረሱ። ቀስ ብለው አኘኩ። ከዚያ ወደ አምቲ ባል ዞረው «የዚያን ጊዜው ይሄ ነው! የበላነው የማን ነበር?» አሉት።

ሰውየው መሬት መሬት አየ። ውሸት በረመዳን ይከብዳል። «የዘሃራ» አለ፤ አጥሩ ጀርባ ድረስ ተሰማ።

እኔ ያን ጊዜ ወንዶቹን አላየሁም። አምቲን ነው ያየሁት፤ ዓይኗ ውስጥ ገብቼ። ሳህኑን ወደሷ አስጠጋሁና «ብይ እንጂ አምቲ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት። በላች። እስክትጨርስ ቆሜ አየኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ያጠገበኝ ያልበላሁት ምግብ የለም።

ከዚያ ወዲያ የራሳችን ቤት እስክንገባ ድረስ በየረመዳኑ ባለ ጽጌረዳው ትሪ ወጣ። የከለከለን የለም።

ሰው ሲያረጅ ቂም ይረግፋል ይሉኛል። የኔ አልረገፈም፤ ጥርሴ ነው የረገፈው። እናቴ ስትሞት መሬት አልተወችልኝም፣ ቤት አልተወችልኝም። የተወችልኝ ስሟን ነው፤ እሱንም አንዴ ሊወስዱባት ሞክረዋል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ማህሺውን ሠርቼ አምቲ አሻ ዘንድ ስሄድ በፍቅር ብቻ ሄድኩ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። በፍቅርም ሄጃለሁ፤ አሳድጋኛለችና።

አልጋዋ ላይ ደግፈው አስቀምጠዋታል፤ ያ ሁሉ ቁመት አንድ እቅፍ ሆኗል። ጠያቂ ሴቶች ዙሪያዋን ሞልተዋል። በትንሹ እየቆረስኩ አጎረስኳት። ዓይኗን ጨፍና አጣጣመች። አንዷ ጠያቂ «ሲሸት እንዴት ደስ ይላል! ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት አምቲ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች።

ለታማሚ ሰው ዝም ማለት ይቻል ነበር። ማን ይጎዳል? ሴቶቹ ፈገግ ብለው ጠበቁኝ።

«አይደለም» አልኩ። «እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ዘሃራ።»

አምቲ አሻ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ የዚያን ቀኗን አምቲ ከሥር አየኋት፣ አልሞተችም። አፏ ውስጥ ያለውን አኝካ ዋጠች።

«የዘሃራን ጨምሪልኝ» አለች።

ጨመርኩላት።