አራተኛው ነጥብ

እኔ ተናድጄ አይደለም የምመታው፤ መትቼ ነው የምናደደው። ነቀምቴ፣ በዲጋ መውጫ፣ ከሚስቴ ወንድም ጋር ጋራዥ ነበረን፤ እሱ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ፣ እኔ ሞተር ላይ። የሠራውን ሁሉ በሹል ብረት አንዲት ነጥብ ይመታበታል።

"ከተበላሸ እንዳልክድ ነው፣ ሶዳ" ይለኛል። ሶዳ የሚለኝ አማቹ ስለሆንኩ ነው።

አንድ የቡና ነጋዴ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አምጥቶ "ጉልበት ጨምሩልኝ" አለን። ሲሊንደሩን እንዳናሰፋ ግድግዳው ስስ ነው። ስለዚህ ክንዱ የረዘመ ክራንክ ሻፍት አገባንለት፤ ፒስተኑ ረጅም መንገድ ሲመላለስ ሞተሩ ብዙ ነዳጅና አየር ይውጣል። ግን ፒስተኑን የሚይዘው ቤላም ሲዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። የሲሊንደሩ ግርጌ ካልተቦረቦረለት ይገጨዋል።

ከአራቱ ሲሊንደሮች ሦስቱን ቦርቡሮ ነጥቡን መታባቸው። ቀብር ሲጠራ "አራተኛውን እስክመለስ ተወው፣ ማሎ" ብሎ ለምኖኝ ሄደ። እኔ ደግሞ መተው የት አውቃለሁ! ራሴ ሞረድኩት፣ ገጠምኩት፣ በእጅ አዙሬ ሳልፈትሽ አስነሳሁት። ሲመለስ ሞተሩ እያጓራ ነበር።

ለሙከራ እሱን ጎኔ አስቀምጬ፣ ወደ አኖ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። ቤላው ብሎኩን ቀዶ ወጣ። የፈላ ዘይት መስታወቱን አለበሰው፤ መኪናው ተሽከርክሮ ቦይ ውስጥ ገባ። ግንባሬ ደም በደም ሆነ። ከአራቱ ሦስቱ የእሱ ናቸው፤ ለእኔ ንዴት ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። በኮሌታው ጎትቼ አወጣሁትና "እጅህ ይሰበር!" እያልኩ የጎማ መፍቻውን አነሳሁ። ቀኝ እጁን ጋሻ አደረገ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ደግሜም መታሁት።

ሚስቴ ከሆስፒታል ስትመለስ አላለቀሰችም። "ጥፋቱ የአንተ ከሆነ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ፤ ወንድሜን በሰበረ እጅ የተቆረሰ አልበላም" አለችኝ።

ሞተሩን ብቻዬን ፈታሁት። የተቀደደው አራተኛው ነው። ነጥብ የለውም። ጨርቅ አልብሼው ፊቱ ቁጭ አልኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ጋራዡ ውስጥ ተቀመጡ። እሱ እጁን በጄሶ አንጠልጥሎ ቀድሞኝ ደርሷል። እህቱ በሩ ላይ ቆማለች። አንደኛው ሽማግሌ "አራተኛውን የቦረቦረው ማነው?" ብለው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ፣ አባቢያ" አለ። "ነጥቤን እዩዋት።"

ጨርቁ ተገለጠ። ነጥቡ አለ፤ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በግራ እጅ የተመታ ስለሆነ ጠማማ። እህቱን አየት አደረገና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። "ብትመታውም መጀመሪያ ያጠፋው እሱ ነው፣ ሊገድልህ ነበር። በል ይቅር በለው" አሉኝ። እሱም ተነስቶ በደህና እጁ ትከሻዬን ይዞ ሳመኝ።

ይቅር አልኩት።