ሣር የበቀለበት ጠረጴዛ

አባቴ የሱቅ ማስታወቂያ ሰዓሊ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ወፍ፣ ዶሮ፣ ላምና በግ ሲስል ኖሮ እግር ስሎ አያውቅም። አይችልማ! እግር ላይ ሲደርስ እጁ እሺ አይለውም። ስለዚህ እሱ የሳለው ፍጥረት ሁሉ ሣር ውስጥ ይቆማል። የሰፈሩ ሰው «ለምለሙ» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለታል፤ እሱ ሙገሳ ይመስለዋል።

ባለፈው ሰሞን ዶሮ ነጋዴዋ በሱቋ ግድግዳ ላይ፣ ነጭ ጠረጴዛ ላይ የቆመች ዶሮ እንዲስልላት አዘዘችው። ምሳውን ይዤለት ስደርስ ጠረጴዛውን ስሎ፣ ዶሮዋን አቁሞ፣ ጠረጴዛው ላይ ሣር እያበቀለ ነበር። የምገባበት ጠፋኝ።

ሴትዮዋ ወጥታ አየችና «ጋሼ፣ ጠረጴዛ ላይ ሣር ምን ይሠራል?» አለችው።

አባቴ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ፣ ፊቱ ቅንጣት ሳይለወጥ፣ «አገሯ ናፍቋት ነው» አላት።

ዓይን ያወጣ ውሸት! አሁን ታዋርደዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ግን ከገጠር ከመጣች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ አንድም ቀን ተመልሳ አታውቅም። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠራት፣ እሷ ዓይኗን ከሣሩ አልነቀለችም።

«እንግዲያው እኔንም አጠገቧ ይሳሉኝ» አለች በመጨረሻ። «ሣሩ እስከ ጉልበቴ ይድረስልኝ።»

አባቴ ጉልበትም አይሆንለትም። እስከ ወገቧ አበቀለላት።