ውሃው የሄደበት የባሕር ከተማ

ዛሬ ከእማማ ለተብርሃን ጋር ሳውዝኤንድ ስንደርስ ባሕሩ አልነበረም። ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ጭቃ ነው።

እማማ ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት ምጽዋ ነው። ልጃቸው እዚህ ቤት ገዝታ "አብረን እንኑር" ስላለቻቸው፣ አይተው ሊወስኑ ነው የመጡት።

ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ነው። የከተማው ብዙው ሰው ጠዋት ለንደን ሥራ ይሄዳል፤ የቀረው አይስክሬም የሚሸጥ ይመስላል።

"ልጄ፣ እዚህ ምን ይታያል?" አሉኝ።

"ከሰዓት ውሃው ይመለሳል አሉ።"

"እንግዲያው እንጠብቀው።"

ቺፕስ እየበላን ጠበቅን። ውሃው ቀስ እያለ መጣ። እማማ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡና ቆሙ።

"ይበርዳል" አሉ በመጨረሻ። "ቢሆንም ባሕር ነው። ለልጄ ደውዪላትና እመጣለሁ በያት።"

ደወልኩ። ጎረቤት አጣሁ ማለት ነው።

ከለንደን ወጥታችሁ እንዲህ ያለ የባሕር ከተማ የገባችሁ አላችሁ? የዊንተሩን ብርድ እንዴት ቻላችሁት?