የቡሬ ግጥም

ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ የአማርኛ አስተማሪያችን ለክረምት የሰጡን ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ ከአገራችሁ አጭር ግጥም አምጡ፤ ምጣኔውን፣ ቤት መምቻውንና አወቃቀሩን ተንትኑ። እኔ ሩቅ አልሄድኩም። ከወረታ በታች፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ባለው ቤታችን እናቴ ላሟን ስታልብ የምትላትን ያዝኩ።

ጠጋ በይ ቡሬዬ፥ ጥጃሽን ላሺውና፣
የኔም ልጅ ትጠጣ፥ አንጀቷ ደርቋልና።

ጥጃው በክረምቱ ጎርፍ ሞቷል። ቆዳውን ገለባ ሞልተን ከፊቷ ስናቆምላት፣ ቡሬ እሱን እየላሰች ነው ወተቷን የምትለቀው። "የኔም ልጅ" የተባለችው ደግሞ ገና ጥርስ ያላበቀለችው እህቴ ናት፤ የእናቴ ጡት በወባ ንዳድ ነጥፎ ከቡሬ ወተት ሌላ ምግብ አልነበራትም።

"እማ፣ ምጣኔሽ ደህና ነው" አልኳት። "ስድስት ቀለም ሲሞላ መሀሉ ላይ ይሰበራል። ቤት መምቻሽ ግን ሰነፍ ነው። 'ና' ብቻ!"

"ለአስተማሪሽ የምታነቢው እንደሁ አሳምሪው" አለች እየሳቀች። "ቡሬ አልከፋትም።"

አንድ ጧት ንዳዱ ተመልሶ እናቴን ጣላት። ከመደቡ መነሳት አቃታት፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ማለቢያውን ቅል ይዤ ወጣሁ፤ የገለባውን ጥጃ ከቡሬ ፊት አቆምኩ። እኔ ችኩል ነኝ፤ ግጥሙን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ቡሬ በርግጫ ቅሉን ከእጄ አሽቀነጠረችው። ደገምኩት፤ ወተቷን ጭራሽ ቋጠረች። ልቅሶው እስከ በረቱ ይሰማል።

ያኔ ነው የራሴ ትንተና ትዝ ያለኝ። መሀሉ ላይ ይሰበራል ብያለሁ፤ እናቴ እዚያ ላይ ምን ታደርግ ነበር? በመጀመሪያው ሐረግ የቡሬን ጡት በመዳፏ ታሻለች፤ ዝም ትላለች፤ በሁለተኛው ትስባለች።

"ጠጋ በይ ቡሬዬ" ብዬ ዝም አልኩ። ከቤት ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ተቀበለኝ፦ "ጥጃሽን ላሺውና…" እናቴ ናት፤ ከንዳዱ ብርድ የተነሳ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ትዘጋለች። ቡሬ ወደ ገለባው ጥጃ አንገቷን ሰደደችና መላስ ጀመረች። ወተቱ የቅሉን ሆድ ሲመታ ሰማሁ።

አፈላሁት፤ በውኃ አቀጠንኩት፤ ለብ ሲል ጥጥ እየነከርኩ በእህቴ አፍ ጠብ አደረግኩላት።

"ጠጣች?" አለች እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"እየጠጣች ነው፣ እማ።"

"እንግዲህ አትቸኩዪባት።"

ጥጡን አነሳሁና እስክትውጥ ጠበቅኳት።