አባቴና የጦረኞቹ መነኮሳት ቤተክርስቲያን

በፈረንጆቹ 2008 ኦስሎ ውስጥ የታሪክ ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቅ የቀረኝ አንድ የማሟያ ጽሑፍ ነው። ርዕሴ ከከተማው በስተደቡብ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተሂዶ የሚገኝ የቤተክርስቲያን ፍርስራሽ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ያሠሩት መነኮሳት ናቸው፤ ሰይፍ የታጠቁ መነኮሳት። ማኅበራቸው ኢየሩሳሌም ላይ የታመሙ ተሳላሚዎችን በማስታመም ጀምሮ፣ ኋላ ጦር ያነሳ ነው።

ይህን ለአባቴ ስነግረው ሳቀ። ኦስሎ ዳር ቬስትሊ፣ የከተማው ባቡር መጨረሻ ከሚቆምበት ጣቢያ አጠገብ ባለች ቤቱ፣ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። አገር ቤት የደርግ ጦር አሥር አለቃ ነበር፤ እዚህ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ።

“መነኩሴ እንዴት ይዋጋል? ወይ መስቀሉን ነው ወይ ጠመንጃውን።”

“እዚህ የመጡት እንኳ ብዙም አልተዋጉም፣ አባዬ። ንጉሡ መሬት ሰጣቸው። እነሱ ደግሞ ያረጁና የታመሙ የንጉሡን ወታደሮች ተቀብለው፣ እስኪሞቱ ይጦሩ ነበር።”

ካውያውን ቀጥ አድርጎ አቆመው።

“ያረጀ ወታደር የሚጦር ቤተክርስቲያን?” አለ። “ውሰጂኝ።”

ያን ሰሞን መርሳት ጀምሮት ነበር። ድስት ጥዶ ይወጣል፤ አሥራ አምስት ዓመት የተመላለሰበት ባቡር ይጠፋበታል። ሐኪሙ በሽታው ወደ ኋላ እንደማይመለስ ነግሮናል። ስለዚህ ሳላዘገይ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወሰድኩት።

ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ነጠላውን በፌስታል ይዞ መጣ። የቀረው ፍርስራሽ ብቻ መሆኑን ሁለት ጊዜ ነግሬው ነበር። ስንደርስ ከአንድ ትልቅ የእርሻ ቤት አጠገብ፣ ዛፎች ሥር፣ ሽበት የመሰለ ነገር የወረሰው፣ ከጉልበት የማያልፍ የድንጋይ ግንብ አገኘን።

“የታለ?” አለኝ።

“ይኸው ነው፣ አባዬ።”

ከዘመናት በኋላ አገሩ ከካቶሊክ ወደ ፕሮቴስታንት ሲለወጥ ንጉሡ ርስቱን እንደወሰደ፣ መነኮሳቱ እንደተበተኑ፣ ቦታው ለመኳንንት እንደተሰጠ፣ ጠባቂ ያጣው ቤተክርስቲያን ቀስ በቀስ እንደፈረሰ ነገርኩት።

“ወታደሮቹስ?”

“እዚሁ ሞተዋል። የማን መቃብር የት እንደሆነ ግን አላገኘሁም።”

ጫማውን አወለቀ። ሣሩ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። ነጠላውን አጣፍቶ በሩ ነበረበት ወደተባለው ቦታ ሄደና ቆመ።

“ግባ እንጂ።”

“እኔ አልገባም።”

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አውርቶኝ የማያውቅ ሰው ማውራት ጀመረ።

ሰሜን ግንባር ነው። አንድ መንደር ሰፍረው፣ አዛዡ ጥይቱን ቤተክርስቲያን ውስጥ አስገቡ አለ፤ ጠላት ቤተክርስቲያን ላይ አይተኩስም ብሎ። ሲያፈገፍጉ ደግሞ ለጠላት እንዳይቀር አቃጥሉት የሚል ትእዛዝ መጣ።

“አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ታቦቱን ላውጣ ብለው ገቡ። አዛዡ ጊዜ የለም አለ።” እጁን አየ። “የለኮስኩት እኔ ነኝ።”

“ቄሱስ? ወጡ?”

“መኪናው ተንቀሳቀሰ። ዞሬ አላየሁም።”

ጫማውን አጠለቅኩለት። ባቡር ውስጥ ሆነን ለንስሐ አባት እንዲናገር ለመንኩት። “እሁድ” አለኝ። እሁድ ስመጣ የሆነ ቦታ መሄዳችንን እንኳ አላስታወሰም።

በዓመቱ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ሲከየም ውስጥ፣ ማለት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ክፍል ሰጠው። መጀመሪያ የጠፋው ኖርዌጅኛው ነው። ከዚያ የእናቴ ስም፣ ከዚያ የኔ። ሠራተኞቹ ደጎች ነበሩ፤ ፀጉሩን ያበጥሩለታል፣ እጁን ይይዙታል፤ አማርኛ ስለማያውቁ የሚለው ግን አይገባቸውም። ያልጠፋው ያ አንድ ቀን ብቻ ነበር።

“ቄሱ ወጡ?” ይለኛል ገና በሩን ስከፍት።

መጀመሪያ ላይ “አላውቅም” አልኩት፤ ቀኑን ሙሉ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ “ወጥተዋል” እለው ጀመር። ፊቱ ይፈታል። ሻይ ፉት ይላል። ሻዩ ሳያልቅ እንደገና፦ “ቄሱ ወጡ?”

ጨነቀኝና ቄሳችንን ለመንኳቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። አባቴ አያቸው። አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ።

“ይውጡ!” ብሎ ጮኸ። “ይውጡ አባቴ፣ ለኩሻለሁ! ለኩሻለሁ!”

ቄሱ ደነገጡ። ሊባርኩት አንድ እርምጃ ቀረቡ፤ እሱ ፊቱን በትራስ ሸፈነ። ነርሷ ሮጣ መጣችና በእጇ ውጡልኝ አለቻቸው። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጸለዩ። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ በር በተከፈተ ቁጥር ይደነግጥ ነበር፤ እኔም ስገባ።

ሳይናዘዝ፣ ሳይቆርብ ሞተ። ጽሑፌን ጨርሼ አስረክቤአለሁ። ስለ ግንቡ ውፍረትና ስለ መሬቱ ስጦታ ጻፍኩ፤ ስለ ወታደሮቹ አንድ አንቀጽ።

ለቅሶ ላይ ከፕሪንስዳል፣ ከከተማው ሌላ ዳር፣ አንድ ሰው መጡ፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ሻምበል የዘመቱ ናቸው። ሰው ቀለል እስኪል ጠብቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የቤተክርስቲያኑን ስም ብቻ ብሰማ፣ ቢያንስ ስለት እልክ ነበር፣ ቄሱም ወጥተው እንደሆነ አጠይቅ ነበር።

“ጋሼ፣ ያቃጠላችሁት ቤተክርስቲያን ማን ይባላል?”

ኩባያቸውን አስቀመጡ። 

“የትኛው?” አሉኝ።