ዳምጤ ኮሪደር ላይ የመታው ድራም

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጋሽ ወንዴ ማይክሮፎን አላስነኩኝም፤ ገመድ አስጠቀለሉኝ። በክርኔ ላይ ሳዞረው አዩና "ስንዱ፣ እንዲህ ከጠቀለልሽው ውስጡን ትሰብሪዋለሽ። ወደሚዞርበት ይዙር፤ አታስገድጂው" አሉኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የነበረው ስቱዲዮ የእሳቸው ነው፤ ድምፅ የሚቀርጹትም እሳቸው ነበሩ። እኔ ረዳት ሆኜ ገባሁ።

ደንገል ባንድ ካሴት ሊሠራ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ሮክ የሚጫወቱ አራት ወጣቶች ነበሩ። ጊታሩን ሲያስጮኹት ግማሹ እንግዳ ወንበሩን ይዞ ወደ ውሃው ይሸሻል፤ ግማሹ ተነሥቶ ይዘላል። ድራም የሚመታው ዳምጤ የሐሙሲት ልጅ ነው። ዝምተኛ ነበር፤ ሲመታ ግን ዐይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል።

የስቱዲዮው ክፍል ጠባብ ነበር። የዳምጤ ድራም ዘፋኙ ማይክሮፎን ውስጥ ሳይቀር እየገባ ሁሉን ሸፈነው። ድራም ማሽን የመጣበት፣ በየስቱዲዮው ድራም መቺ የሚሰናበትበት ጊዜ ነው። ጋሽ ወንዴ ቀረጻውን አስቆሙት።

"ዳምጤ፣ አትቀየመኝ። ድራሙን በማሽን እንሠራዋለን።"

ዳምጤ መምቻዎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "እርስዎ እንዳሉ" ብቻ አለ።

ጊታር ተጫዋቹ መላኩ የባንዱ መሪ ነው። ጊታሩን ከትከሻው አወረደና "ያለ እሱ ከሆነ ካሴቱም ይቅር" አለ።

ካሴቱ ከቀረ ባንዱ ይበተናል። ዘፋኙ አዲስ አበባ ሊገባ እንደሚያስብ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ደፍሬ ተናገርሁ።

"ጋሽ ወንዴ፣ ድራሙን ውጭ ኮሪደሩ ላይ ብናወጣውስ?"

"ያስተጋባል እኮ ልጄ።"

"ያስተጋባ። አንድ ማይክሮፎን ትልቁ ቤዝ ድራም ፊት፣ አንድ ትንሹ ስኔር ድራም አጠገብ፣ አንድ ደግሞ ደረጃው አናት ላይ አቆማለሁ። የበዛውን ድምፅ ማመጣጠኛው ሚክሰር ላይ እንቀንሰዋለን።"

አዩኝ፤ ቀጥሎም ዳምጤን አዩት። "እስቲ ይሞከር" አሉ።

ድራሙን ተሸክመን አወጣን። ከደረጃው ሥር ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን እንዲያቆምልን ለመንሁት። "ስንዱ፣ ሌሎቹን አላያቸውም። እንዴት ልግባ?" አለኝ ዳምጤ። "በጆሮ ማዳመጫው ትሰማቸዋለህ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ በእጄ ምልክት እሰጥሃለሁ" አልሁት።

እጄን አወረድሁ። ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ቤዝ ድራሙ ደረቴ ላይ አረፈ። የሲምባሉ የናስ ድምፅ በደረጃው ወጥቶ እየሳሳ ጠፋ። አዝማቹ ሊገባ ሲል ዳምጤ ትንሽ ዝም ይላል፤ ጊታሩ ብቻውን ተንጠልጥሎ ሲቀር መልሶ ይቀበለዋል። ጋሽ ወንዴ ጆሮ ማዳመጫቸውን አውልቀው እስከ በሩ መጡ። ዘፈኑ ሲያልቅ "ማሽኑን ካርቶኑ ውስጥ መልሱት" አሉ።

"ዘጌ ማዶ" ብለን ያወጣነው ካሴት ከዱርቤቴ እስከ ማክሰኝት በየአውቶቡሱ ተከፈተ። የሐሙሲት ሻይ ቤቶች "የእኛ ልጅ ነው የሚመታው" እያሉ ድምፁን ከፍ ያደርጉት ጀመር። ዘፋኙም አዲስ አበባን ተወው። ሌሎች ባንዶች "ያን ኮሪደር ስጡን" እያሉ መጡ። ጋሽ ወንዴም የሚክሰሩን ወንበር ለቀቁልኝ፤ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት እዚያው ነው።

ዳምጤ አምና አረፈ። ለመታሰቢያው ሐይቁ ዳር ዝግጅት ሲደረግ መላኩ "ማን ይምታልን?" ብሎ ጠየቀኝ። "ራሱ" አልሁት።

ድራሙ ቴፑ ላይ ለብቻው ስለተቀረጸ፣ እሱን ብቻ አውጥቼ በትልልቆቹ ስፒከሮች ለቀቅሁት። ፀጉሩ የሸበተው መላኩ በላዩ በጊታሩ ገባበት። የዳምጤ ባለቤት ወይዘሮ የሺ ከመቀመጫዋ ተነሥታ "ይኸው! ይኸው እሱ!" አለች፤ እያለቀሰች ታጨበጭብ ነበር። በሕይወት ሳለ አይተውት የማያውቁ ወጣቶች ሳይቀሩ ዘለሉ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሳይጀምር "ይደገም!" አሉን፤ ደገምነው።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህ ነው፦ ክፍሉ ለተጫዋቹ ካልበቃ ተጫዋቹን አታሰናብቱ፤ ሌላ ቦታ ፈልጉለት።